ራጁ ላይ ያልነበረው ክርኔ

ይህን የምጽፈው ልቤ በርዶልኝ አይደለም። ቂም ይዣለሁ፤ ቂሜንም አልደብቅም። እጁን ወይም እግሩን ተሰብሮ በራጅ ክፍል ደጃፍ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ግን ከዚህ ውስጥ የሚጠቅመውን አያጣም። እሱን ይውሰድ፣ የቀረውን ለእኔ ይተውልኝ።

ዘሃራ እባላለሁ። ሸዋ ሮቢት ገበያው ዳር ባለች አንድ ክፍል ሱቅ ልብስ እሰፋለሁ። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የኢድ ቀሚስ፣ የሚያጥር ሱሪ፣ የመጣውን ሁሉ እሠራለሁ። ባለቤቴ ሁሴን ከከተማው ወጣ ብሎ በመስኖ ሽንኩርት ያለማል። ሁለት ሴት ልጆች አሉን፤ እናቱ እማ ፋጡማም ከእኛው ጋር ናቸው።

የወደቅኩት ሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ጨርቅ ገዝቼ በባጃጅ ስመለስ፣ ከኋላችን የመጣ ጭነት መኪና ጥሩምባውን ሲያንባርቅብን ሾፌሩ ደንግጦ ወደ አስፋልቱ ጠርዝ ጠመዘዛት። ባጃጇ በጎኗ ተጋደመች። ቀኝ ክንዴ ከብረቱና ከአስፋልቱ መሀል ገባ። ሕመሙ ወዲያው አልመጣም። መጀመሪያ ያየሁት ክንዴ መሀሉ ላይ ጎብጦ ነው። ጨርቄ መንገድ ላይ ተበትኖ ሰዎች ሲለቅሙልኝ አየሁ። የጮኽኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ቅርብ ወደሆነው የግል ክሊኒክ ወሰዱኝ። ጀማል የሚሠራው እዚያ ነው። ጀማል የጤና መኮንን ነው፤ ግድግዳ ለግድግዳ የምንጎራበታቸው የእትዬ ሰዓዳ ልጅ። ትምህርት ቤት ሲገባ የመጀመሪያ ሱሪውን የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ሲመረቅ ሰፈሩ በሙሉ «ልጃችን ሐኪም ሆነ» ብሎ ሲደሰት እኔም እልል ብያለሁ። ስለዚህ ያን ቀን በሩ ላይ ፊቱን ሳይ ግማሹ ሕመም የለቀቀኝ መሰለኝ። ወረፋ ከያዘው ሰው ሁሉ አስቀድሞ አስገባኝ። ያኔ ትልቅ ውለታ ነበር።

ራጅ ክፍል ያለው ባለሙያ ክንዴን ጠረጴዛው ላይ አስተኝቶ አነሳኝ። ክርኔ አካባቢ በጣም እንደሚያመኝ ስነግረው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ክንድ ነው» አለኝ። ጀማል ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቀለውና ትንሽ አየት አድርጎ ፈገግ አለ።

«አብሽሪ እትዬ ዘሃራ። ክንድ ሁለት አጥንት ነው ያለው። የተሰበረችው አንዷ ናት። የሚያስፈራው ሁለቱም ቢሰበሩ ነበር።»

«ክርኔስ? ከስብራቱ ይልቅ ነፍሴን የሚያወጣት እሱ ነው።»

«ከስብራቱ ተነስቶ የሚሰማሽ ነው። ሕመም እኮ ይዘዋወራል።»

አመንኩት። ለምን አላምነው? ሳብ አድርጎ አቃናልኝና በጄሶ ጠቀለለኝ። አመስግኜው፣ መርቄው ወጣሁ።

የቆላ ሙቀት ውስጥ ጄሶ አድርጎ መክረም ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። ላቡ ከውስጥ ሲወርድ፣ ሲያሳክክ፣ ሲሸት፣ የኪሮሽ መርፌ ወደ ውስጥ እየሰደድኩ ሳክ ከረምኩ። ሱቄን የምትጠብቀው ታላቋ ልጄ ነበረች፤ መስፋት ስለማትችል «እናቴ ስትድን ትሰፋልሻለች» እያለች የሰው ጨርቅ ትቀበላለች። እኔም ቀን እቆጥራለሁ። ስድስት ሳምንት ሞላና ጄሶው ተቆረጠ። እንደገና ራጅ ተነሳሁ። ጀማል ፊልሙን አይቶ ደስ አለው።

«ውብ አድርጎ ገጥሟል! በይ እጠፊው።»

ላጥፈው ሞከርኩ። ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። ድንጋይ የነካ ያህል ነው የቆመው። መዳፌን ወደ ላይ ልገለብጥ ስል ደግሞ ጭራሽ እምቢ አለ።

«ጄሶ ውስጥ ስለቆየ ደርቆ ነው» አለኝ ጀማል። «አንቀሳቅሺው። አትፍሪው።»

እኔ ሰነፍ ሴት አይደለሁም። አሸዋ የሞላሁበትን የዘይት ጀሪካን እያነሳሁ፣ ክንዴን በር ላይ እየደገፍኩ፣ ሁሴን እየጎተተኝ፣ እኔ ጥርሴን ነክሼ እንባዬ እየወረደ ወራት አለፉ። አንድ ጣት የሚያህል ለውጥ አልመጣም። ይልቁንም ክርኔ ላይ ከፊት በኩል ጠጣር ነገር ጉብ ብሎ ይሰማኝ ጀመር። ለጀማል ላሳየው ተመለስኩ። «እብጠት ነው፣ ይጠፋል» ብሎ የሕመም ማስታገሻ መርፌ ወጋኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ስመለስ ፊቱ ተቀየረ።

«እትዬ ዘሃራ፣ አጥንትሽ ድኗል። ራጁ ይኸው። የቀረው ያንቺ ፍርሃት ነው። እንዲህ የሚሆኑ ሰዎች አሉ፣ ሕመሙ ካለፈ በኋላ ሐሳቡ የማይለቃቸው።»

ይህቺን ቃል ሁሴን ሰማት። ከዚያ ቀን በኋላ እቤቴ ውስጥ ታማሚ መሆኔ ቀረ።

ረመዳን ገባ። በመጀመሪያው ኢፍጣር ተምሩን በቀኜ አነሳሁት፤ ከደረቴ በላይ አልወጣ አለኝ። አንገቴን ወደ እጄ ዘንበል አድርጌ ሞከርኩ፣ ወደቀብኝ። ሁሉም አዩኝ። ዞሬ በግራዬ ጎረስኩ። በግራ መብላት እኛ ዘንድ እንዴት እንደሚታይ ለሚያውቅ አልነግረውም። እማ ፋጡማ ተይ ማለት አቅቷቸው ነው መሰለኝ «ባይሆን ልጅሽ ታጉርስሽ እንጂ» አሉኝ። በዘጠኝ ዓመት ልጄ እጅ እየጎረስኩ ያን ረመዳን ጾምኩ። ዱዓ ላይ ሰው ሁለት መዳፉን ወደ ላይ ሲዘረጋ የኔ ቀኙ ወደ መሬት ያይ ነበር። ሸማዬን ደርቤበት እደብቀው ጀመር።

ከሁሴን ጋር በዚያው ሰሞን ክፉ ንግግር ተነጋገርን። «ደብረ ብርሃን ውሰደኝ፣ የአጥንት ሐኪም ይየኝ» ስለው፣ እሱም ፀሐይ ሲመታው ውሎ የገባ ሰው ነው፣ «የዳነ አጥንት ይዘሽ ሐኪም ምን ይልሽ? ሥራውን ከጠላሽው ጠላሁት በይኝና እንረፍ» አለኝ። ሃያ ዓመት የሰፋች ሴት ነኝ። መልስ አልሰጠሁትም። መልስ ያለመስጠቴ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ለነገሩ ልሂድ ብልም መንገዱ ተዘግቶ ነበር። በጸጥታው ምክንያት በደብረ ሲና በኩል ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣው መኪና ለሳምንታት ቆመ። ስለዚህ ወደ ማጀቴ አቅጣጫ ስማቸው የታወቀ ወጌሻ ጋር ሄድኩ፤ ጋሽ ይማም ይባላሉ። ፈርቼ ነው የሄድኩት። ደጃቸው ላይ ከሌላ ወጌሻ የመጣ፣ በጥብቅ ታስሮ ጣቶቹ የጠቋቆሩ ሰው አይቻለሁና ማንንም ወደ ወጌሻ ሂዱ አልልም። እሳቸው ግን ክንዴን በቅቤ አላሹትም፣ አልጎተቱትም። ዓይናቸውን ጨፍነው በአውራ ጣታቸው ከእጄ አንጓ ጀምረው ቀስ ብለው ወደ ላይ ወጡ። ክርኔ ላይ ያለችው ጉብታ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ልጄ፣ ይህ እብጠት አይደለም። አጥንት ነው፤ ቦታውን ለቆ የወጣ አጥንት።»

«ራጅ ተነስቼ ደህና ነው አሉኝ፣ ጋሼ።»

«እኔ ራጅ አላውቅም። ጣቴን ነው የማውቀው። በወደቅሽ ማግስት መጥተሽ ቢሆን እሞክረው ነበር፤ ላበላሸውም እችል ነበር። አሁን ግን የኔ እጅ የሚመልሰው አይደለም፤ ብጎትተው ሌላ ነገር እበጥስብሻለሁ። መንገዱ ሲከፈት ሐኪም ፈልጊ።»

ያመጣሁላቸውንም አልተቀበሉኝም። ፊደል ያልቆጠሩ ሽማግሌ በአውራ ጣታቸው ያገኙትን፣ የተማረው ጎረቤቴ በመብራት አላየውም። ስመለስ ይህን ለሁሴን ነገርኩት። ክንዴን ሳብ አድርጎ ጉብታዋን ራሱ ዳሰሳት። በዚያ ሁሉ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ። «መንገዱ እንደተከፈተ እንሄዳለን» አለ። ሽንኩርቱን ገና ሳይነቀል ለነጋዴ ሸጠው።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ገባ። በቆላ ቀሚሴ ነው የሄድኩት። በሆስፒታሉ መጠበቂያ አግዳሚ ላይ ስንቀጠቀጥ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት የመንዝ ሴት፣ ልጃቸው እግሩን ተሰብሮ ነው የመጡት፣ ከላያቸው ጋቢያቸውን አንስተው ግማሹን ደረቡብኝ። ስሜንም ሃይማኖቴንም አልጠየቁኝም። እስከ ቀትር ድረስ በአንድ ጋቢ ተቀምጠን ጠበቅን።

የአጥንት ሐኪሙ ገና ወጣት ነው፤ ድምፁ ዝቅ ያለ። እጄን ከመንካቱ በፊት የመጀመሪያውን ራጅ ጠየቀኝ። ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ ያዘው። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ጠየቀኝ፦

«ክርኑ የታለ?»

አልገባኝም። ፊልሙን አቀረበልኝ። አጥንቶቼ ከአንጓዬ ተነስተው ወደ ላይ ይሄዳሉ፤ ክርኔ ሊጀምር ሲል ፊልሙ ያልቃል። ሰባት ወር ሙሉ ያንን ፊልም በፌስታል ይዤ ዞሬያለሁ፤ እኔም አላየሁትም። እኔ ግን ሐኪም አይደለሁም።

ክርኔን ከፊትና ከጎን አስነሳኝ። ፊልሙ ሲመጣ እኔንም ሁሴንንም ጠርቶ በማስመሪያ አሳየን። በክንድ ውስጥ ያሉት ሁለቱ አጥንቶች ከላይም ከታችም የተሳሰሩ ናቸው። አንዱ ተሰብሮ ሲጎብጥ ያጥራል፤ ሌላው ካልተሰበረ የግድ ከአንዱ ጫፍ ይወጣል። ማስመሪያውን ባልተሰበረው አጥንት መሀል ላይ አስተኛው። መስመሩ በክርን ላይ ያለችውን ክብ አጥንት መሀሏን መምታት ነበረበት። የኔው ከላይዋ አልፎ ባዶ ቦታ ላይ ወጣ።

«ይህ ዓይነቱ ስብራት ራሱን የቻለ ስም አለው» አለ። «ስሙ አይጠቅማችሁም። የሚጠቅመው ይህ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ተሰብሮ ሳይ ክርኑንና አንጓውን ሳላይ ሰው ወደ ቤቱ አልሰድም። የተሰበረ አጥንት ራጅ ሲነሳ ከላዩም ከታቹም ያለው መገጣጠሚያ አብሮ መታየት አለበት።»

ሁሴን ጠየቀ። «በጊዜው ቢታይ ኖሮስ ዶክተር?»

«በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢሆን፣ የተሰበረው በትክክል ቀንቶ በብረት ሲታሰር የወጣው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይገባል።»

«አሁንስ?»

ሐኪሙ ወደኔ ዞረ። «አሁን እህቴ፣ ጎብጦ የገጠመውን አጥንትሽን እንደገና መስበር አለብን።»

ያን ሁሉ ላብ፣ ያን ሁሉ የአሸዋ ጀሪካን አሰብኩ። ውብ አድርጎ ገጥሟል የተባለልኝን አጥንት ነው የሚሰብሩት። ደግሞም ሙሉ በሙሉ እንደማይመለስ አልደበቀኝም። አለቀስኩ፤ ሁሴን ግን ግድግዳውን ያይ ነበር።

ቀጠሮው ሁለት ጊዜ ተራዘመ፣ አንዴ በብረት እጥረት፣ አንዴ በመብራት። በሦስተኛው ገባሁ። አጥንቴን ቆርጠው አቃንተው በብረትና በብሎን አሰሩት፤ የወጣውን ወደ ቦታው መለሱት። ያሳለፍኩትን ሕመም አልዘረዝርም። ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ፊዚዮቴራፒ የምታሠራኝ ሲስተር ነበረች፣ እጇ እንደ ብረት የጠነከረ፣ አንደበቷ ግን ማር የሆነ። «ዛሬ አንድ ጣት ብቻ ነው የምፈልገው» ትለኛለች፤ አንድ ጣት ስሰጣት ነገ ሌላ ትጠይቀኛለች።

ከአንዱ ቀጠሮ ስንመለስ መናኸሪያው ውስጥ መኪና እስኪሞላ ሁሴን ሳምቡሳ ገዛልኝ። በወረቀት ጠቅልሎ በቀኝ እጄ ሰጠኝ፤ ምናልባት ረስቶ ነው። ቢስሚላህ ብዬ አነሳሁት። አፌ ደረሰ። ትኩስ ስለነበር ከንፈሬን አቃጠለኝ። ሁሴን አየኝና ወዲያው ፊቱን ወደ መኪናዎቹ አዞረ። «ዐውፍ በይኝ» አለ ሳይዞር። ይቅር አልኩት። እሱ ጠይቆኛልና።

ዛሬ ክንዴ ይታጠፋል፣ እጎርሳለሁ፣ ፀጉሬን አበጥራለሁ። መዳፌ ግን ግማሽ ድረስ ነው የሚገለበጠው። ወፍራም ጨርቅ መቁረጥ አልችልም፤ ዩኒፎርም መስፋት ትቼ ጥገና ብቻ እሠራለሁ። ሐኪሙ ከዚህ በላይ አትጠብቂ ብሎኛል።

ሁለቱን ፊልም ይዤ ጀማል ጋር ሄድኩ። ሰው ፊት አላዋረድኩትም፤ ተራዬን ጠብቄ፣ በሩን ዘግቼ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኩለት። ማንም ምንም ሳይለው ገባው። ፊቱ ሲቀየር አይቻለሁ።

«ክርንሽን እንዳመመሽ አጥብቀሽ አልነገርሽኝም» አለ።

«ነግሬሃለሁ። የራጁንም ሰውዬ ነግሬዋለሁ። ተመላልሼም ነግሬሃለሁ። ፍርሃት ነው አልከኝ።»

«እትዬ ዘሃራ፣ እኔ የአጥንት ሐኪም አይደለሁም። እዚህ ራጅ የሚያነብልን ባለሙያ የለም። ያንን ሁሉ ሕዝብ ብቻዬን ነው የማየው።»

ይህ እውነት ነው። እውነት መሆኑ ደግሞ የበለጠ አናደደኝ።

«ታዲያ አላውቅም አትለኝም ነበር? ሂጂ፣ ሌላ ይይሽ ማለት ያቅትሃል?»

በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ «አላውቅም ካልኩ ማን ይመጣል?» አለኝ። ቀጥሎ የጠየቀኝም ስለ እጄ አልነበረም። «ለሰው ነግረሻል?» ነው ያለኝ።

ፊልሞቼን ሰብስቤ ወጣሁ። እትዬ ሰዓዳ ይህን ከሰሙ ወዲህ ሰላምታ ነፍገውኛል። እማ ፋጡማ «ጎረቤት ነው፣ ዐውፍ በይውና ይለቅ» ይሉኛል። ያልጠየቀኝን ሰው ምን ብዬ ዐውፍ እለዋለሁ?

ያን ቀን ከክፍሉ ስወጣ ፊልሞቼን ወደ ፌስታሉ ልመልስ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። ከራጅ ክፍል አንድ የቀወት ገበሬ ወጡ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ቀኝ ክንዳቸው በነጠላ አንገታቸው ላይ ታስሯል፣ በሌላው እጃቸው ፊልም ይዘዋል። የጀማልን ወረፋ ሊጠብቁ አጠገቤ ተቀመጡ።

«ምን አገኘዎት አባባ?»

«በሬ ጨፈለቀኝ፣ ልጄ። ግድግዳ ላይ አጣብቆ።»

ፊልሙን እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። ወደ መስኮቱ አነሳሁት። ከክርኑ በታች ያልቃል።

«አባባ፣ ክርንዎን አላነሱዎትም። ክርኔንም አንሡኝ ይበሉ።»

«ልጄ፣ አሁን ከፍዬ ወጣሁ እኮ! ክርኔ ደህና ነው፣ ምኔም አይደል።»

«ይበሏቸው። ካላነሱኝ አልሄድም ይበሉ።»

ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ ጀማል በሩን ከፍቶ ወጣ። ሁለታችንንም አየን። የሽማግሌውን ፊልም ከእጄ ወሰደ፣ አየው። እኔን ሳያይ ብዕሩን አውጥቶ ወረቀታቸው ላይ ጻፈላቸውና «ተመልሰው ይነሱ፣ ክርንም አንጓም» አላቸው። የራጁ ሰውዬ እያጉረመረመ አስገባቸው።

እኔ ጠበቅኩ። ፊልሙ መጣ። ጀማል ቆሞ፣ በሁለት እጁ ይዞ፣ የዚያን ያህል ጊዜ ወስዶ ራጅ ሲያይ አይቼው አላውቅም። «ክርኑም አንጓውም ደህና ነው» አለ በመጨረሻ። እውነትም ደህና ነበር። ጄሶ አደረጉላቸው።

ሽማግሌው ሲወጡ ደጃፉ ላይ አገኙኝ። «አንቺ ልጅ፣ ምን አድርጌሽ ነው ያለ ነገር ሁለት ጊዜ ያስከፈልሽኝ? ደህና ነው ስልሽ!» ብለው ሰው እስኪሰማ ተቆጡኝ፤ እያጉረመረሙ ባጃጅ ውስጥ ገቡ።

ይቆጡኝ። ከሁለት ወር በኋላ በዚያ እጃቸው ይጎርሳሉ።